ባልዲውና የእድር ቤቱ በረንዳ

ነሐሴ 2

ዝናብ። ጠዋት ጸሎት፤ ከዚያ የትናንቱን ቆጮ በጎመን። ሁለት ሳህን አውጥቼ አንዱን መለስኩ። ባለቤቴ ገነቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ እጄ ግን እስከ ዛሬ አልሰማም...

ከሰዓት በኋላ እድር ቤት። ድንኳኑን ላናፍስ ብዬ ነበር፣ ሰማዩ አልፈቀደም። አንዱን ገመድ አይጥ ቆርጦታል። ወንበሮቹ ሰላም፣ ድስቶቹ ሰላም። የእድሩ ንብረት ያዥ ከሆንኩ ስድስት ዓመት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚፈልገኝ በዚህ ቁልፍ ነው።

አመሻሽ ላይ በረንዳውን አጠብኩ። ሁለት ባልዲ። በረንዳ አዳሪዎቹ ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ፤ አራት ናቸው። "እንደምን አመሻችሁ" አልኳቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ" አሉ። ወደ ቤት።

ጤና ስለሰጠኸኝ ተመስገን።

ነሐሴ 5

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። እንግዲያው ለምን ዙሪያውን እሄዳለሁ?

በረንዳውን የማጥበው ቆሽሾ አይደለም። ቆሻሻማ በመጥረጊያ ይወጣል። የማጥበው ሲሚንቶው እርጥብ ከሆነ አይተኙበትም ብዬ ነው። ማንም አላዘዘኝም። በነሐሴ ብርድ... ከዚያ ደግሞ እንደምን አመሻችሁ እላለሁ።

ዛሬም አጠብኩ። አንድ ባልዲ ብቻ። እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት መሰለኝ።

ነሐሴ 8

የአስካለች ዳቦ ቤት መስኮት ተሰብሮ አደረ። ከእድር ቤታችን ቀጥሎ ያለው ነው። የተወሰደው አንድ ማዳበሪያ ዱቄትና ሚዛኑ። ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ሁሉም ግን ወደ በረንዳው ነው ያየው።

ከቀበሌም ደብዳቤ መጥቷል። ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ በዓል እንግዳ ስለሚመጣ ከተማው ይጽዳ፣ በየሰፈሩ ውጭ የሚያድሩት ተመዝግበው ይሰጡ ይላል። በመኪና ጭነው ወዴት እንደሚወስዷቸው አይልም። የእድራችን ሊቀመንበር ኸይረዲን መነጽሩን አውልቆ ሁለቴ አነበበው። "እሑድ እንሰብሰብ" አለ። "አቶ ጴጥሮስ፣ ንብረቱ ያንተ እጅ ላይ ነው፣ ሐሳብ ይዘህ ና።"

ሐሳብ አለኝ። በረንዳውን በብረት መከለል። ብየዳ ቤት ሄጄ በር ከነመስኮቱ አስለክቻለሁ።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ። እድር ቤቱ ሞላ። እንደዚህ የሚሞላው ሰው ሲሞት ነው።

አስካለች ቀድማ ተነሳች። "እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ በሬ ላይ የሰው ሽንት አጥቤ ነው ዳቦ የምጋግረው። ሠራተኞቼ ሴቶች ናቸው፣ በጨለማ አይመጡልኝም። እናንተ ቀን ነው የምታዩዋቸው።"

ነህምያ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምረው፣ ሱስ በሽታ ነው አለ። ሕክምና እንጂ ጭነት አያሻቸውም አለ።

"በሽታ ነው፤ ቤትህ ውሰደውና አክመው።"

"እኔ ያለኝ አንድ ክፍል ነው እትዬ አስካለች።"

"የኔስ በር ስንት ክፍል አለው?"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "አሥራ አንድ ዓመት ከአረቄ ጋር ተኝቻለሁ። ባሌን ማለቴ ነው። ዳቦ ስትሰጠው ዳቦውን ሸጦ ይጠጣል። ብርድ ልብስ ስትሰጠው ብርድ ልብሱን ይጠጣል። ስለ ፍቅር እኔን አታስተምሩኝ።"

ከዚያ እኔ ተነሳሁ። የብረቱን ነገር ተናገርኩ። ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን ሳይቀር። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ... መወደስ ደስ ይለኛል ማለት ነው?

በሩ ላይ አንድ ሰው "ይቅርታ" አለ። ዮሲ ነው፣ ከአራቱ አንዱ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፣ ረጅም፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ። "ይውጣ" ያሉ ነበሩ። ኸይረዲን "እሱ ያለው በረንዳ ላይ ነው፣ ወዴት ይውጣ?" አለ።

ዮሲ መሬት እያየ ነው የተናገረው። "አይሱዙ እነዳ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ከተማ ነው፣ እንደ እኛ በረንዳ የሚያድሩ ሰዎች ጫን ተባልኩ። አሥራ ዘጠኝ ሰው። ራቅ አድርገህ አውርዳቸው አሉኝ። ሜዳ ላይ አወረድኳቸው። ስመለስ የአንዲት ሴትዮ ጫማ መኪናው ላይ ቀርቷል። አንድ እግር። በሳምንቱ ግማሾቹ በእግራቸው ተመልሰው መጥተዋል። ሴትዮዋን ግን አላየኋትም። አረቄ የጀመርኩት ለዚህ ነው አልልም። ፊትም እጠጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምክንያት አገኘሁለት። አሁን እኔን ጫኑኝ፣ ግድ የለም። ሦስቱ ግን እዚሁ ሌሞ የተወለዱ ናቸው። የት ያወርዷቸዋል?"

የተወሰነው፦ ኃላፊነት የሚወስድለት ሰው የተገኘለት ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ያልተገኘለት ይገባል። እስከ መስከረም 4። ስማቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። የብረቱ ነገር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ነሐሴ 12

ስም ልጽፍ ሄድኩ። እስክሪብቶና ወረቀት ይዤ፣ እንደ ሹም። ሰማዩ ጠርቶ ነበርና እግረ መንገዴን ድንኳኑን አወጣሁ። ብቻዬን ስታገል ዮሲ መጣ።

"ጋሼ፣ ያ ምሰሶ አጭር ነው፣ ሥሩ ድንጋይ ይፈልጋል" አለኝ።

በምን አወቅህ? አልኩት። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር።

"በእማማ ገነቴ ለቅሶ ጊዜ እኔ አይደለሁ የተከልኩት።"

ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ቁልፉን ለሰው ሰጥቼ ነበር፤ ድንኳኑን ማን እንደተከለ አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም። ዝናቡን ግን አስታውሳለሁ።

"ድንጋዩ በጭቃው ይንሸራተት ነበር" አለ። "ስለዚህ ምሰሶውን ይዤው ቆምኩ።"

"እስከ መቼ?"

"አስከሬናቸው እስኪወጣ። እሳቸው በስሜ ነበር የሚጠሩኝ ጋሼ። ቆጮ ሲሰጡኝ እንኳ መጀመሪያ ስሜን ጠርተው ነው።"

ገነቴ ይህን አልነገረችኝም። ወይስ ነግራኝ አልሰማሁም?

ድንኳኑ በዚያ ዶፍ ስላልወደቀ ሁለት ዓመት ሙሉ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ምስጋናው ትክክል ነበር። በማን እጅ እንደያዘው ነው ያላወቅኩት።

ስም ሳልጽፍ ተመለስኩ። ዛሬ ውኃ አላፈሰስኩም።

ነሐሴ 13

ስሙን ጠርቼ ሰላም አልኩት። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ነሐሴ 16

አቢጋኤል ከሐዋሳ ደወለች። ልጄ ናት፣ አንድ ያለችኝ። ነገርኳት።

"አባዬ፣ ልታስገባው ነው?"

"አላልኩም።"

"ድምፅህ ብሏል።"

ቀጥላ ስልሳ ስድስት ዓመትህ ነው፣ የሰከረ ሰው ቢመታህስ፣ ማንን ልጥራ አለች። እውነቷን ነው። እናትሽ በስሙ ትጠራው ነበር አልኳት። ከዚያ "የእማዬን ሳጥን ቆልፍ" አለች። ፈቃድ ነው? ወይስ ተስፋ መቁረጥ? እንደ ፈቃድ ወሰድኩት፤ ሳጥኑንም ቆለፍኩ። ልጽፈው አፈርኩ፣ ግን ቆልፌያለሁ።

ነሐሴ 19

ኸይረዲን ሱቅ ሄጄ የእድሩን ደንብ አስነበብኩት። ቤተሰብ ማለት አባሉ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹ፣ በቤቱ በቋሚነት የሚኖር ሰውም ይላል። መዝገቡን ገለጠ። የእኔ ስም፣ ከሥሩ ገነቴ፣ በላይዋ መስመር ተሰምሮባት። ከሥሯ ባዶ ቦታ አለ።

"እዚህ ልጽፈው እችላለሁ" አለኝ። "ከተጻፈ የቤትህ ሰው ነው። ማንም መኪና ላይ አይጭነውም። ቢሞት እንቀብረዋለን። ቢያጠፋ ግን አንተን ነው የምንጠይቀው። ደንቡ በወሬ አይሞላም፣ ቤትህ ማደር አለበት።"

"እንደኔ ብትሆን ታደርገዋለህ?"

ስኳር እየመዘነ ነበር። "እኔ ባለፈው ረመዳን አንዱን ሱቄ ውስጥ አሳድሬ ሬዲዮኔን ይዞ ሄደ። ግን ሬዲዮ ገዛሁ እንጂ ሱቄን አልዘጋሁም" አለ። ይህ መልስ ነው?

ስወጣ አስካለች የሱቁ በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ትሳደባለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "ጋሽ ጴጥሮስ" አለች፤ "ባንድ ቀን አረቄ አስተውሃለሁ ብለህ ቤት እንዳትዘጋበት። ብዙ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ይሞታል። መጀመሪያ ሆስፒታል። አጥሚት በትንሽ በትንሹ። ሦስት ቀን ዓይንህን እንዳትነቅል።"

በምን አወቅሽ አልላትም። አውቃለሁ በምን እንዳወቀች።

ነሐሴ 21

ለዮሲ ነገርኩት። ሳቀ። "ጋሼ፣ ቤትዎን ሊያጡ ነው" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

"ነገ ልምጣ" አለ።

"ዛሬ።"

"ዛሬ ልጠጣና ነገ ልምጣ።"

ቢያንስ አልዋሸኝም።

ነሐሴ 22

መጣ። ልብሱን አጥቦ፣ እርጥቡን ለብሶ። በባጃጅ ሆስፒታል። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን አልናቀችውም። ስንት ዓመት፣ በቀን ምን ያህል፣ ጫትስ... ሁሉንም መለሰ። ሲንቀጠቀጥ የሚወስደውን መድኃኒት ሰጠችን። አስተኝታ ልታቆየው ነበር፣ አልጋ ሞልቷል፤ በየቀኑ ጠዋት አምጣልኝ አለች። ለእኔም የሚያስፈራውን ምልክት በወረቀት ጻፈችልኝ። "ልጅዎ ነው?" አለችኝ። "የቤቴ ሰው ነው" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ።

ነሐሴ 24

ትናንት አልጻፍኩም። ላብ፣ ትውከት። የሌለ ሰው እያየ ጫማዋን ስጧት ይላል። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። በዝናብ ምሰሶ ይዞ የቆመ እጅ ነው።

ዛሬ ጠዋት የቡላ አጥሚት ጠጣ። ግማሽ ኩባያ። አልመለሰውም።

አስካለች በፌስታል ትኩስ ዳቦ በሩ ላይ ሰቅላ ሄዳለች። አላንኳኳችም።

ተመስገን። ለግማሽ ኩባያ።

ነሐሴ 30

ዮሲ የጓሮዬን አጥር አቀና። ሲሠራ ያፏጫል። ምሳ ሁለት ሳህን አወጣሁ፤ ሁለቱም ቆሸሹ። ሁለት ሳህን በማጠብ ሰው ደስ ይለዋል?

ስለ ውኃው ነገርኩት። ተዘጋጅቼ ነበር፣ ከየት እንደምጀምር በልቤ አጥንቼ። ቆሻሻ ሳይሆን እናንተን ለማባረር ነበር አልኩት።

"እናውቃለን ጋሼ" አለ። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያፈሳሉ፣ እኛ በሦስት ሰዓት ካርቶን እናነጥፋለን። ሰዓት አክባሪ ነዎት፣ ጥሩ ነበር።"

"ለምን ዝም አላችሁ?"

"ከባልዲው ይልቅ ያስቸገረን ሰላምታዎ ነው። አንዱን አድርገው ሌላውን ቢተዉት መልሱ ይቀለን ነበር።"

ስቆ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ጓሮ ወጥቼ ብቻዬን ቆምኩ። አምላኬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እነዚያን ሰዎች "እግዚአብሔር ይመስገን" አስባልኳቸው።

ጳጉሜ 3

የለም። የገነቴ ሳጥን እንደተቆለፈ ነው፣ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ዮሲ ብቻ የለም። መጀመሪያ ያየሁት ሳጥኑን መሆኑን እዚህ ልጻፍ። መናኸሪያ፣ ገበያ፣ አረቄ ቤቶቹ... በስሙ እየጠራሁ ዞርኩ። ሰው ሳቀብኝ። "ጋሽ ጴጥሮስ የጠፋ በሬ ይፈልጋሉ" አለ አንዱ ባለ ጋሪ።

መዝገቡ ውስጥ ገና አልተጻፈም። ኸይረዲን እስከ መስከረም 4 ልይ ብሎኝ ነበር። ልክ ነበር ማለት ነው?

ጳጉሜ 5

አስካለች አመጣችው። በባጃጅ፣ የኮቱን ኮሌታ ይዛ። ወደ አዲሎ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ ሥር ተኝቶ ዳቦ የምታደርስላት ሠራተኛዋ ናት ያየችው። ይሸታል። አያየኝም።

"ያውልህ" አለችኝ።

"የቤቴ ሰው ነው ያልኩት ባዶ ቃል ሆነብኝ እትዬ አስካለች።"

"ምኑ ነው ባዶ? ባሌን እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ነው አውጥቼ የጣልኩት። መቼም አልተመለሰም። ሁለተኛው ጊዜ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ አንተ ታሳየኛለህ።" ባጃጇን አላሰናበተችም። "በል ግባ፣ ቀድሞ ሆስፒታል።"

ዮሲ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "የአንዲት አይሱዙ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ ጋሼ፣ ተከተልኳት።"

ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ። የዓመቱ መጨረሻ ቀን።

መስከረም 4፣ እሑድ

ስብሰባ። ዮሲ ከኋላዬ ተቀምጧል፣ ፊቱ የገረጣ። ጠጥቶ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል።

"በሁለት ሳምንት ወደቀ" አለ አንዱ። "ታዲያ ምን ተረፈ?"

መናገር አልችልም፣ ስምንተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። ግን ተነሳሁ። ሁለት ሳምንት ሳይጠጣ ቆይቷል፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልዲ ተሸክሜአለሁ፣ ከሁለታችን የባሰው ማን ነው አልኩ። የባልዲውን ነገር በሰው ፊት አወጣሁት። በብረት ልከልል ብዬ ራሳችሁን ያስነቀነቅኳችሁም ሰው እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

አስካለች ተነሳች። አሁን ያበቃል አልኩ።

"በኔ በር ላይ ሰው እንዲተኛ ዛሬም አልፈልግም" አለች። "በረንዳ ለሰው አይሆንም። ግን እድር ቤቱ ጎን ድስት የተቆለለባት ክፍል አለች። ድስቶቹ ወደ መጋዘን ይግቡ። በር ይገጠምላት፣ የጋሽ ጴጥሮስ ብረት እዚያ ይሠራ። የሚጠጣ አይገባም፤ ሲያቆም ይመለሳል። የሚያድር የእድሩን ዕቃ ያጥባል። ጠዋት ዱቄት የሚያወርድልኝ ካለ ዳቦ አለ።"

ነህምያ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሆስፒታል አደርሳቸዋለሁ አለ። ከሦስቱ አንዱ ዳምቦያ የምትኖር እህት አለችው፣ ኸይረዲን ራሱ ሊወስደው ነው። ሁለቱ ክፍሏን ይይዛሉ። የተጣላም ነበር። ሁለት ሰዎች እየተራገሙ ወጥተዋል፣ እድር ነው ወይስ ጥገኛ ማሳደሪያ እያሉ። ይህንንም ልጻፍ።

ከዚያ ኸይረዲን መዝገቡን ገለጠ። ከገነቴ ሥር ጻፈ። "ሙሉ ስም" አለው። ዮሲ አባቱን ሲጠራ ድምፁ ጠፋ፤ ሁለተኛ ተናገረው። ዮሴፍ አበበ። እኔም የአባቱን ስም ዛሬ ነው የሰማሁት።

መስከረም 8

የቀበሌው ሰው ዝርዝሩን ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን ገለበጠው።

"ባዶ ነው" አለ።

"ባዶ ነው" አለ ኸይረዲን።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። "ማኅተም ግን ያስፈልገዋል።" ማኅተም ተመታበት።

መስከረም 17

ያሆዴ። አቢጋኤል መጣች። የበዓሉን ምግብ አተካና ሠራች፣ እንደ እናቷ ቅቤውን ሳትሰስት። ዮሲን በዓይኗ ስትመረምረው ዋለች። እሱ አፍሮ ወጥቶ እንጨት ፈለጠ፤ የተፈለጠውን እንደገና ፈለጠ። በመጨረሻ "ና ብላ እንጂ፣ እንጨቱ ምን አደረገህ" አለችው። ሦስት ሳህን።

ወደ ማታ የእናቷን ሳጥን ቁልፍ ጠየቀችኝ። ቡልኮውን አውጥታ አልጋው ላይ አደረገችለት። ሳጥኑን ከዚያ በኋላ አልቆለፈችውም። እኔም።

መስከረም 23

የሰፈራችን አሮጊት እማማ ሱምያ ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ በልጆቻቸው መሐል። ጠዋት እድር ቤቱን ስከፍት ዮሲና የክፍሏ ሁለቱ ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል። ድንኳኑን አወጡ። አጭሩን ምሰሶ ማንም ሳያዘው ዮሲ ያዘ፣ ድንጋዩን በእግሩ እየገፋ። ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ዛሬ ካልጠጣ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ነገን አላውቅም። እሱም አያውቅም፣ በየጠዋቱ ይነግረኛል።

ከቀብር መልስ ኸይረዲን እንደ ደንቡ ስም ጠራ፤ የቀረ ይቀጣልና። አንድ ባንድ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ተራ ሲደርስ አለሁ የምለው ብቻዬን ነበር።

"የአቶ ጴጥሮስ ቤት" አለ።

አፌን ሳልከፍት ከድንኳኑ ጫፍ፣ ምሰሶውን እንደያዘ፣ አንድ ድምፅ "አለን" አለ።

አመሻሽ ላይ ዕቃ መልሼ ቆለፍኩ። ባልዲው በሩ ጥግ ነበር። አነሳሁት፣ ልማድ ሆኖብኝ። ለክፍሏ ሰዎች የሚጠጣ ውኃ ቀድቼ በራቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። እንደምን አመሻችሁ አልኩ።